በዚህ ወር ያነበብኳቸው፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የፍቅር መጽሐፍ ያለው ማነው?

እንዶድ

በዚህ ወር አራት መጻሕፍት ጨረስኩ። አንዱን ድሮ አንብቤው ነበር፤ ሁለቱ ለእኔ አዲስ ናቸው፤ አራተኛውን ከተማሪነቴ ጀምሮ ስሸሸው ኖሬ ዘንድሮ እጅ ሰጠሁለት። ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጥም፤ እኩል አላስመሹኝምና።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደ ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ ያወቅኩት በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የሰማ ሰው ከዚያ ድምፅ አይላቀቅም፤ ጉዱ ካሣ ዛሬም የሚናገረኝ በወጋየሁ አንደበት ነው። በኋላ መጽሐፉን ስገዛም ያነበብኩት ትረካውን ተከትዬ ነበር፤ ድምፁ በሚቸኩልበት ቸኩዬ፣ ድምፁ በሚያዝንበት አዝኜ። ዘንድሮ ቀስ ብዬ ስገባበት ሌላ መጽሐፍ አገኘሁ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን ልብ ወለድ ሁሉም የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ይለዋል። እኔ የስለትና የግብር መጽሐፍ ነው እላለሁ። በዛብህ ገና ራሱን ሳያውቅ እናቱ ውድነሽ በጣሙ ለቤተ ክርስቲያን ተስላዋለች። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ በገበሬው ላይ ከልማድ ውጪ ግብር ይጥላሉ። ሁለቱም ጋ ያለው ነገር አንድ ነው፤ ሰው ሳይጠየቅ ዕዳ ከፋይ ሆኖ ይገኛል። ፍቅሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሁለቱ ዕዳዎች በተገናኙበት ቤት ውስጥ ነው።

ከሁሉ ያሳቀኝም ያስደነገጠኝም ፊታውራሪ በራሳቸው ገበሬዎች ላይ ዘምተው በገበሬዎቹ መሪ በአበጀ በለው እጅ የሚወድቁበት ክፍል ነው። ዘር ቆጥረው፣ ሹመት ቆጥረው የማይጠግቡ ሰው ከሰው በማይቆጥሩት ባላገር ይማረካሉ። ሐዲስ እዚህ ላይ አይቸኩሉም። ቄሱ፣ ሽማግሌው፣ አሽከሩ፣ እመቤቲቱ፣ ሁሉም በየራሱ አንደበት ይናገራል፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ስም መጻፍ እንኳ የማያስፈልግበት ቦታ አለ። ሁለቱ ወጣቶች ብቻቸውን ሲቀሩ ግን አማርኛው ይከብዳል፤ ሁለት ልጆች ሳይሆኑ ሁለት ደብዳቤዎች የሚነጋገሩ ይመስለኛል። ለዚህ አስተያየት ድንጋይ ብትወረውሩብኝ አልሸሽም።

ቀጥዬ የእኚሁኑ ደራሲ «ትዝታ» አነበብኩ። የጦርነት ዘመን ማስታወሻቸው ነው፤ ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር መዋጋታቸው፣ ማፈግፈጉ፣ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ምርኮው፣ ከዚያም በኢጣሊያ ደሴቶች በፖንዛና በሊፓሪ የግዞት ዓመታት። (ሙሶሊኒ በ1943 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን ሲወርድ እሱም ለጊዜው የታሰረው በፖንዛ ነው። እዚህ ላይ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም።) ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ የበዛብህን የመጨረሻ ጉዞ የጻፈው ሰው ሽንፈትን፣ ረሃብንና ረጅም መንገድን በገዛ እግሩ የሚያውቅ መሆኑ ታየኝ። ስለ ራሳቸው ሲጽፉ ደግሞ ምን ያህል ቁጥብ ናቸው! የአሁን ዘመን ባለ ማስታወሻ ሦስት ምዕራፍ የሚፎክርበትን ነገር እሳቸው በአንድ አንቀጽ ያልፉታል።

«ኦሮማይ» በቅዳሜና እሁድ አለቀ። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር፤ ምዕራፍ የት እንደሚቆረጥ ያውቃል። ተራኪው አስመራ ላይ የሚወዳት የፊያሜታ ጊላይ ነገር ግን ፊልም ፊልም ሸተተኝ። ይልቅ ያስፈራኝ ስብሰባው፣ መፈክሩ፣ ሁሉም ሰው ሊሆን የማይችለውን ነገር ይሆናል ብሎ የሚያጨበጭብበት አዳራሽ ነው። መጽሐፉን ከመታገዱና ከደራሲው መጥፋት ለይቶ ማንበብ ይቻላል? እኔ አልሆነልኝም።

የሸሸሁት መጽሐፍ «አደፍርስ» ነው፤ የዳኛቸው ወርቁ፣ የ1962ቱ። ይህን መጽሐፍ ጀምሮ የተወ ሰው ሲያጋጥመኝ አልፈርድበትም። እንደ ገበያ ቀን ነው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራል፤ ማን ለማን እንደሚመልስ ለማወቅ ቆም ብሎ ማድመጥ ያስፈልጋል። ሙግቱ፣ ተረቱ፣ ዘፈኑ፣ ጸሎቱ ይደራረባል። መፍትሔ ያገኘሁት ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ስጀምር ነው። ዐይን የሚደናቀፍበትን ምላስ ያልፈዋል። ዋናው ሰውዬ አደፍርስ ግን አናደደኝ። ከተማ ተምሮ መጥቶ ያገኘውን ሁሉ ይሞግታል፤ ልክ በሆነበት ጊዜ እንኳ ልክነቱ ያታክታል። ዳኛቸው ይህን ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል፤ አንባቢ ለወጣቱ እንዳያጨበጭብ፣ ለአሮጌዎቹም እንዳያዝን አድርጎ መሐል ላይ አቁሞታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ለማን እንደምታለቅሱ ይነግራችኋል። «አደፍርስ» አይነግራችሁም። በዚህ ወር ካነበብኳቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

እናንተስ ምን አነበባችሁ? የማትስማሙ ቅድሚያ አላችሁ።

ቀለም ቀንድ

እንዶድ፣ ድንጋዩን እኔ ልጀምር። ፍቅሩን አውጥተሽ ግብሩን ብቻ ብትተዪው የሚቀርሽ የወረዳ ሪፖርት ነው።

ገበሬዎቹ ፊታውራሪን ማረኩ፤ መልካም። ሰብለ ወንጌልን ግን ማን ፈታት? አባቷ ቢማረኩም ቢለቀቁም በእሷ ላይ የተዘጋው በር እንደተዘጋ ነው። አበጀ በለው ስለ ግብሩ ተዋጋ እንጂ ስለ እሷ ያሰበ ሰው የለም። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከዚያ ቤት የወጣችው ራሷ ናት። ለእኔ በመጽሐፉ ውስጥ ትልቁ አመጽ ይህ ነው፤ ጠመንጃ የለውም፣ ፎካሪ የለውም፣ ሽማግሌም አይገባበትም። አንቺ ይህን ከግብሩ በታች ስታስቀምጪው ገረመኝ።

ደብዳቤ ይመስላሉ ስላልሽው ደግሞ፣ የባላባት ልጅና የቤተ ክህነት ተማሪ በምን እንዲነጋገሩ ፈለግሽ? አንድ ክፍል ውስጥ ያገናኛቸው ትምህርት ነው። እሱ ከልጅነቱ ያወቀው የቅኔና የድጓ ቋንቋ ነው፤ እሷ ከግቢ አልወጣችም። መክበዱ ዓይነ አፋርነታቸው ነው። ሐዲስ ቢያቀሉት ኖሮ ነበር የምቀየመው።

ወለላ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እኔ ያደግኩት እዚህ ስለሆነ አማርኛ የማነበው ቀስ ብዬ ነው፤ ስለዚህ በጆሮ ማንበብን ዝቅ አድርጋችሁ ስታዩት ትንሽ ቅር ይለኛል።

አባቴ ታክሲ በሚነዳበት ጊዜ የወጋየሁን ትረካ በካሴት ይሰማ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቶ በስልኩ ይሰማዋል። እኔ ማንኩሳን፣ ዲማን፣ ጉዱ ካሣን ያወቅኩት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነው፤ ግማሹ ቃል ሳይገባኝ። አባቴን ስጠይቀው መኪናውን እያቆመ ጭምር ያስረዳኝ ነበር። ወጋየሁ ባይኖር ይህ መጽሐፍ እኔ ጋ በፍጹም አይደርስም ነበር። እንዲያውም እንዶድ ራሷ «አደፍርስ»ን ያሸነፈችው ድምፅ አውጥታ በማንበብ ነው ብላለች፤ ታዲያ ጆሮ ምን አጠፋ?

አንድ ጥያቄ አለኝ። እንደ እኔ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ከአራቱ የትኛው ይቀድማል?

እንዶድ

ወለላዬ፣ ጆሮን አልነቀፍኩም። ድምፅ የራሱ ፍጥነት አለው፤ ፊታውራሪ ምን ያህል እንደጠየቁና ገበሬው ምን እንዳለ ለማስላት ቆም በልልኝ ብትዪው አይቆምም። ወረቀት ይቆማል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ለአንቺ «ኦሮማይ» ይቅደም። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ንግግሩ የከተማ ነው፣ ታሪኩ አይለቅሽም። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛም ስለወጣ አማርኛ የማያነብ ጓደኛ ካለሽ አብራችሁ ልትወያዩበት ትችላላችሁ። «አደፍርስ»ን ለአሁኑ አትንኪው፤ አባትሽ ጮክ ብሎ ካነበበልሽ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀለም ቀንድ፣ የሰብለን መውጣት ከግብሩ በታች አላደረግኩም። ያልኩት ፍቅሩ ዕዳዎቹ በተገናኙበት ቤት ተወለደ ነው። የመነኩሴው ልብስ ራሱ ምን እንደሆነ ተመልከት፤ ከአባቷ ሹመት ለማምለጥ የበዛብህን ስለት ለበሰች። እሱ ሊያወልቀው ያልቻለውን እሷ መሸሻ አደረገችው።

ቀለም ቀንድ

ይህቺ የመጨረሻዋ አባባል ጥሩ ናት፤ ግን የእኔን ክርክር ነው ያጠናከርሽው።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ እንዶድ፣ ግብሩን ማየትሽ ደስ አሰኘኝ፤ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። በክፍል ውስጥ ተማሪዎች አበጀ በለውንና ሰዎቹን «ጭሰኞች» ሲሏቸው ሁልጊዜ አስቆማቸው ነበር፤ ይህ ካልተለየ የገበሬዎቹ ድፍረት ከየት እንደመጣ አይገባም።

በጎጃም አብዛኛው ገበሬ ባለርስት ነበር። መሬቱን ከአባት ከአያቱ በዘር ቆጥሮ ነው የሚይዘው። ባለጉልቱ ያለው መብት ከዚያ መሬት ግብር የመቀበል ነው፤ ገበሬውን ከርስቱ የመንቀል ሥልጣን አልነበረውም። በደቡብ ግን መሬቱ በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ ማለት ነው፣ ተለክቶ ለሹመኛና ለወታደር ከተሰጠ በኋላ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ሆኗል፤ አሻፈረኝ ካለ ይነቀላል። ስለዚህ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች «ከልማዱ በላይ አንሰጥም» ለማለት የቆሙት በራሳቸው ርስት ላይ ነው። ልማድ የሚለው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ፊታውራሪ የሚኮሩበትም ልማድ ነው፣ ገበሬው የሚከላከልበትም ልማድ ነው። ጉዱ ካሣ ብቻ ነው ልማዱን ራሱን የሚጠይቀው፤ ለዚያም ነው እብድ የተባለው።

ሌላው ነገር መጽሐፉ የወጣበት ጊዜ ነው። በ1958 ታተመ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣና ጎጃም ተነሣ፤ ሞጣ፣ ዳሞት፣ ሌላውም። ገበሬውን ያስቆጣው የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም። መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ይወሰዳል የሚለው ሥጋት ይበልጥ ነበር። ጦር ተላከ፤ በመጨረሻ መንግሥት ግብሩን ለመተው ተገደደ፤ ጠቅላይ ገዥውም ተነሡ። እኔ ያኔ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ነበርኩ። ገበያ ውስጥ ሽማግሌዎች ስለ ቀላድ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ መጽሐፉ ደግሞ በአስተማሪያችን እጅ ነበር። ሁለቱን ያገናኘኋቸው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ቀለም ቀንድ

መምህር፣ የርስቱንና የጉልቱን ነገር እንዲህ ጥርት አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ደራሲን ነቢይ ማድረግ አልወድም። ልብ ወለዱ የሚያወራው ከጣሊያን ወረራ በፊት ስላለ ዘመን ነው። በ1960 ጎጃም መነሣቱን ወደ መጽሐፉ ስንጎትተው ሐዲስ ያላሰቡትን እናሸክማቸዋለን።

ጡረተኛው መምህር

ነቢይ አላልኳቸውም፤ ነቢይ የሚያስፈልገው ያልታየ ነገር ለመናገር ነው። ሐዲስ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ ደብረ ኤልያስና ዲማ የተማሩ የዚያው አገር ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ያዩትን ጻፉ። ያዩት ነገር ደግሞ እሳቸው አምባሳደርና ሚኒስትር እስኪሆኑ ድረስ ብዙም አልተለወጠም። ይኸው ነው።

ገዛ ከኒሻ

ስለ «ኦሮማይ» ማንም አልተናገረም፤ እኔ ልናገር። ልጅ ሆኜ አስመራ ነበርን፤ አባቴ እዚያ ተመድቦ ይሠራ ነበር።

እንዶድ ፊያሜታ ፊልም ሸተተችኝ አልሽ። አስመራ ራሷ እንደዚያ ናት! በዘንባባዎቹ መካከል ወጥቶ መንሸራሸሩ፣ ቡና ቤቱ፣ አለባበሱ፣ ጣሊያን የሠራው ሕንጻ። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ፊልም ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ተራኪው ፀጋዬም የመሰለው ይህ ነው። የተላከው ኤርትራ ውስጥ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሰው ሆኖ ነው፤ ከተማዋን ሊያሳምን ሄዶ ከተማዋ አሳመነችው። ፊያሜታን እንደ አንዲት ሴት ብቻ ካነበብሻት የተጋነነች ትሆናለች፤ እንደ ከተማዋ ካነበብሻት ግን መጠኗ ትክክል ነው። አዲስ አበባ እጮኛ ትቶ መምጣቱም ያኔ ትርጉም ያገኛል።

የምነቅፈው ሌላ ነገር አለ። ናቅፋ ላይ የሚወድቀው ወታደር ይታያል፤ ከተማው ይታያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ገጠር፣ ጦሩ በየቀኑ የሚያልፍበት ገበሬ፣ አይታይም ማለት ይቻላል። መኪና ውስጥ ሆኖ የታየ አገር ነው። ጋዜጠኛው ተራኪ የሚያየው ያንን ብቻ ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ፤ ጉድለቱ ግን አለ።

መታገዱን በተመለከተ፣ በ1975 እንደወጣ ወዲያው ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ ገጸ ባሕርያቱ በሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎችን ይመስላሉ ስለተባለ። በዓሉ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚህ ለይቶ ማንበብ አይቻልም ላልሽው፣ ለምን ይለያል? ተራኪው ራሱ ከውስጥ ሆኖ ያገለገለውን ነገር ከውስጥ ሆኖ የሚያይ ሰው ነው። በዓሉም ማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር።

እንዶድ

ከተማዋ አሳመነችው ያልከውን ወድጄዋለሁ፤ ያንን ይዤ አንዳንድ ምዕራፎችን ደግሜ አያለሁ። ለምን ይለያል ላልከኝ ግን መልስ አለኝ። እገዳው መጽሐፉን ከትችት አስጠልሎታል። ደካማ ምዕራፍ አለው ብሎ መናገር በሟች ላይ እንደመናገር ይቆጠራል። በዓሉ በሕይወት ቢኖር ኖሮ በ«ኦሮማይ» ላይ እንደማንኛውም መጽሐፍ እንከራከር ነበር፤ እሱም ሌላ አምስት መጽሐፍ ይጽፍ ነበር።

ጣርማ በር

እስካሁን «አደፍርስ»ን ማንም አላነሣም፤ ያሳዝናል! እንዶድ ከሁሉ ይበልጥብኛል ያለችው እሱን አልነበረም እንዴ?

የእናቴ ዘመዶች የደብረ ሲና አካባቢ ሰዎች ናቸው። ይህ መጽሐፍ ከባድ ነው ሲባል ስሰማ ይገርመኛል፤ ለእኔ የአያቴ ቤት ወሬ ነው። እነዚያ በሰዎቹ አፍ የሚመጡ ቃላት፣ ምርቃቱ፣ እርግማኑ፣ ነገርን በነገር ማሰሩ፣ ሁሉም የማውቀው ነው። ዳኛቸው የይፋትን አማርኛ አንስቶ እንዳለ ወረቀት ላይ አስቀመጠው፤ ለአዲስ አበባ አንባቢ ብሎ አላለሰለሰውም። ይህ ትልቅ ድፍረት ነው።

ጣርማ በርን አልፎ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ከላይ ጉሙና ብርዱ፣ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ፣ ከዚያ በዚያ ቁልቁለት ወደ ሙቀቱ መጥለቅ። የመጽሐፉ ሰዎችም ልክ በዚያ ገደል ጫፍ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ከላያቸው አንድ ዘመን፣ ከታቻቸው ሌላ ዘመን። ዳኛቸው መልክዓ ምድሩን ለጌጥ ብሎ የሣለው አይመስለኝም፤ ማን ከላይ እንደሚኖርና ማን ወጥቶ ወርዶ እንደሚያርስ እግረ መንገዱን ይነግራችኋል።

ስለ አደፍርስ ራሱ ከእንዶድ ጋር አልስማማም። የሚያታክተው ልክነቱ አይደለም። የሚያታክተው አለማድመጡ ነው። ወይዘሮ አሰጋሽን ተመልከቷት፤ ባለርስት ናት፣ ሙግት ትወዳለች፣ ጥቅሟን ታውቃለች፤ ነገር ግን ሰው ሲናገር ትሰማለች። ልትረታው ስለምትፈልግ ነው የምትሰማው፤ ቢሆንም ትሰማለች። አደፍርስ ለመመለስ ብቻ ዝም ይላል። በየስብሰባው የማየው ሰው ነው።

ቀለም ቀንድ

እንዲህ ከሆነስ «አደፍርስ»ን ላነበው ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ አሁን ወይዘሮ አሰጋሽን ፍለጋ እገባለሁ።

ኩርፊያ

መጽሐፉ የት ይገኛል? የጠየቅኳቸው ሦስት መደብሮች የሉንም አሉኝ። ከሌሎቹ አንዱን ደግሞ በአዲስ ኅትመት ገዝቼ መሐል ላይ ገጾቹ ተደጋግመው ተጠርዘው፣ የሚቀጥሉት ገጾች ግን የሉም። ሻጩ ስመልስለት «ያነበቡትን እንዴት እቀበላለሁ» አለኝ። ያላነበብኩትን ነው እኮ የምመልስልህ ብለው አልገባውም።

ብራና

ኩርፊያ፣ አዲስ አበባ ከሆንክ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሞክር። ደርድረው ካስቀመጡት ውስጥ አታገኘው ይሆናል፤ ስሙን ነግረኻቸው ሂድና በሌላ ቀን ተመለስ፤ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ዋጋ ላይ የደራሲውን ስም በጣም እንደምትፈልገው አድርገህ አትጥራ። ስትገዛ ደግሞ እዚያው ቆመህ ገጾቹን ቁጠር፤ አሮጌ ነው ብለህ አትመን፣ አዲስ ነው ብለህም አትመን።

ለእንዶድ ከ«ትዝታ» ቀጥሎ የሚሄድ መጽሐፍ ልጠቁም፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ»። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው ያሳተመው። በልጅነታቸው ከአድዋ ዘመቻ ጋር የሄዱ፣ ከዚያ ወደ ሩሲያ ተልከው መድፈኝነት የተማሩ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጣሊያን ሲመጣ ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር የተከራከሩ ሰው ናቸው። «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ!

ነገር ግን ያነበብኩት ለዝናቸው ብዬ አይደለም። ቁጡ ናቸው። ሐዲስን ቁጥብ አልሻቸው፤ ተክለ ሐዋርያት ተቃራኒያቸው ናቸው። ማንን እንደናቁ፣ ማን እንዳስከፋቸው፣ የቱ ሥራ በማን ምክንያት እንደተበላሸ ፊት ለፊት ይጽፉታል። ሩሲያ ያደጉ ሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ምን ያህል እንግዳ እንደሆኑ የሚያሳዩት ክፍሎች ደግሞ አደፍርስን ያስታውሳሉ፤ ልዩነቱ እሳቸው ተሹመው ጨርጨርን ማስተዳደራቸውና አሰበ ተፈሪን መቆርቆራቸው ነው። ሞግተው ብቻ አልቀሩም።

ጡረተኛው መምህር

ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም «አርአያ»ን የጻፉ ናቸው። ውጭ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ታሪክ ነው። አባቱን በማስታወሻ፣ ልጁን በልብ ወለድ አንብባችሁ ስታበቁ ወደ አደፍርስ ብትመለሱ አንድ መስመር ይታያችኋል፤ የተማረው ሰው በየትውልዱ እየተመለሰ አገሩን ሲያንኳኳ። እያንዳንዱ ከቀዳሚው ይልቅ ተስፋው ያነሰ ነው።

ጣርማ በር

መምህር፣ ይህንን መስመር እስከ ጉዱ ካሣ ብናስረዝመውስ? እሱ ውጭ አልሄደም፣ ዘመናዊ ትምህርት አልተማረም፣ ሆኖም ከሁሉም በላይ ያንኳኳ እሱ ነው። አደፍርስ ያለው ነገር ሁሉ በካሣ አፍ ቀድሞ ተብሏል። ልዩነቱ ካሣ የሚናገረው የአገሩን ቋንቋ ስለሆነ ያሳቃል፤ ሰው ስቆ ሲጨርስ ነው የሚደነግጠው።

ወለላ

አባቴ ይህን ሁሉ ሳነብለት ነበር። «ካሣ እብድ አልነበረም፤ ዘመዳቸው ባይሆን ኖሮ ግን ፊታውራሪ አንድ ቀን አያሳድሩትም ነበር፤ እንዲናገር ያስቻለው ያው የሚነቅፈው ዘር ነው» በልላቸው አለኝ። ይኸው ብያለሁ።

ቀለም ቀንድ

አባትሽ ሁላችንንም አሸነፉ። ስማቸውን እዚህ አስመዝግቢልን፤ ጣት የሚተይብላቸው ሰው አላጡም።

እንዶድ

የወለላ አባት ያሉት እውነት ነው፤ እኔ ደግሞ ወደ ዕዳው እመልሰዋለሁ። ሁሉም ሳይመርጥ የተሸከመውን ይከፍላል ብዬ ነበር፤ ካሣ ሳይመርጥ ያገኘውን ዘር ለመናገሪያ ፈቃድ አድርጎታል። ከበዛብህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ በተሰጠው ሲታሰር፣ ሌላው በተሰጠው ተጠቀመበት። ሰብለም ከበዛብህ ይልቅ ለካሣ ትቀርባለች ማለት ነው፤ ቀለም ቀንድ ሆይ፣ አሁንም ያንተን ክርክር አጠናከርኩ እንዳትለኝ።

ጣርማ በር፣ አለማድመጥ ላልከው እስማማለሁም አልስማማምም። ወይዘሮ አሰጋሽ የሰማችውን ሁሉ ለፍርድ ቤት ታስቀምጠዋለች፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ቢቀርብኝ እመርጣለሁ።

«ኦቶባዮግራፊ»ን ከጓደኛዬ ተውሼ ጀምሬዋለሁ። ብራና ቁጡ ናቸው ያልከው አነሰ። ወፍራም ስለሆነ የሚቀጥለው ወር የእሱ ብቻ ነው የሚሆነው፤ «አርአያ» ከተገኘ ከጎኑ።

መምህር፣ የ1960ውን ነገር ደብረ ማርቆስ ሆነው ካዩት እባክዎን ራሱን የቻለ ርዕስ ይክፈቱበት። ገበያው ውስጥ ሽማግሌዎቹ ስለ ቀላድ ምን ይሉ እንደነበር፣ አስተማሪዎ መጽሐፉን በክፍል ያነበቡላችሁ እንደሆነ፣ ያስታወሱትን ያህል ይጻፉልን። ጥያቄ ያለን ብዙ ነን።